የተሰረቀ ድልና የጐደለ ፍርድ

ሰው ሁሉ መቅደም ይወዳል። መቅደምን መውደድ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውር የሚሆነው ሰው በጕልበቱና በዕውቀቱ መቅደም ሲያቅተው የባልንጀራውን መንገድ በተንኰል ሲያጥር ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ ለመተቸት የተነሣሁት አታላዩን ብቻ ሳይሆን በአታላዩ ላይ የፈረደውን ዳኛ ጭምር ነው። ተንኰል የተሠራበት ጨዋታ በፍርድ ይታረማል፤ ፍርዱ ራሱ ከጐደለ ግን በምን ይታረማል?

ምሳሌ የማደርገው ፎርሙላ ዋን የሚባለውን የአውቶሞቢል እሽቅድምድም ነው፤ ዓመቶቹንም የምጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው። ሴፕቴምበር 28 ቀን 2008 ዓ.ም. በሲንጋፖር ከተማ ጐዳናዎች ላይ በሌሊት ውድድር ተደረገ። የሬኖ ቡድን ነጂ ፈርናንዶ አሎንሶ የተነሣው ከ15ኛው ስፍራ ነበር። እርሱም ከሌሎቹ ቀድሞ በ12ኛው ዙር ነዳጅ ቀዳ። ጥቂት ቆይቶ የዚያው ቡድን ሁለተኛ ነጂ ትንሹ ኔልሰን ፒኬ መኪናውን ከግንብ ጋር አጋጨ። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ አንድ መኪና ወደ ጐዳናው ገብቶ ተወዳዳሪዎቹን ሁሉ ከኋላው አሰልፎ በዝግታ ይመራል። ስለዚህ ቀዳሚዎቹ የደከሙበት ርቀት ሁሉ ጠፋ፤ እነርሱ ነዳጅ ሊቀዱ ሲወጡ፣ ቀድሞ የቀዳው አሎንሶ አለፋቸው፤ በመጨረሻም አንደኛ ወጣ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ ፒኬ በ2009 ዓ.ም. ከቡድኑ ከተሰናበተ በኋላ፣ ግንቡን የገጨው ሆን ብሎ፣ በአለቆቹ በፍላቪዮ ብሪያቶሬና በፓት ሲመንድስ ጠያቂነት ነው ሲል ለዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ቃሉን ሰጠ። ሲመንድስ መጸጸቱን ገለጠ፤ ብሪያቶሬ ካደ። ሴፕቴምበር 21 ቀን 2009 ዓ.ም. የፌዴሬሽኑ ሸንጎ ፈረደ። ጥፋቱ ወደር የሌለው መሆኑን፣ የተመልካችንና የተወዳዳሪን ሕይወት ለአደጋ ማጋለጡን ራሱ መሰከረ። ቡድኑን ከውድድር ለማስወጣት የሚበቃ ነውም አለ፤ ነገር ግን ቡድኑ ጥፋቱን ስላመነና ሁለቱ አለቆች ስለ ለቀቁ ቅጣቱን በገደብ አቆየው። ብሪያቶሬን ያለ ጊዜ ገደብ፣ ሲመንድስን ለ5 ዓመት አገደ። ፒኬ እውነቱን ስላወጣ አልተቀጣም። ድሉም በነበረበት ጸና።

አሁን ይህን ፍርድ በሚዛን እናስቀምጠው። ከዚያ በፊት፣ በ2007 ዓ.ም.፣ የማክላረን ቡድን የፌራሪን ምስጢራዊ ጽሑፍ ይዞ በመገኘቱ 100 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቶ ነበር፤ የቡድኑ ነጥብም ተሰርዞበታል። ወረቀት መስረቅ በደል ነው፤ ነገር ግን ወረቀት ማንንም አይገድልም። በግንቡ አጠገብ ግን ሰው ነበረ። ለወረቀቱ 100 ሚሊዮን ተከፍሎ ለግንቡ አንዲት የገንዘብ መቀጫ እንኳ ካልተወሰነች፣ ሚዛኑ ተዛብቷል። በገደብ የቆየ ቅጣት በቡድኑ ውስጥ የሚሠሩትን ንጹሓን ሠራተኞች ከእንጀራቸው እንዳያፈናቅል የታሰበ ነው ቢባል እስማማለሁ፤ ድሉን መቀማት ግን የማንንም እንጀራ አይነካም ነበር።

ደግሞም ፌዴሬሽኑ የራሱን ሥርዐት አልጠበቀም። የፓሪስ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2010 ዓ.ም. የሁለቱን አለቆች እገዳ ሕግን ያልተከተለ ነው ብሎ ሻረው። በኋላም በስምምነት እስከ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከፎርሙላ ዋን ርቀው እንዲቆዩ ሆነ። ብሪያቶሬም በ2024 ዓ.ም. ያው የቀድሞው ሬኖ፣ ዛሬ አልፒን ወደሚባለው ቡድን በአማካሪነት ተመለሰ። በቍጣ የሚፈርድ ዳኛ ለበደለኛው በር ከፍቶ እንደሚሰጥ ከዚህ ተማሩ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የተበዳዩ ነገር ነው። በዚያች ሌሊት ይመራ የነበረው የፌራሪው ፌሊፔ ማሳ ነበር። ከግጭቱ በኋላ ነዳጅ ሊቀዳ ወጥቶ ቱቦው ሳይነቀል ተነሣ፤ 13ኛ ሆኖም ጨረሰ። የቱቦው ስሕተት የራሱ ቡድን ነው፤ ሆኖም ያ የሐሰት ግጭት ባይኖር በዚያች ደቂቃ፣ በዚያ ጥድፊያ ባልወጣ ነበር። የዓመቱንም ዘውድ በአንድ ነጥብ፣ 97 ለ98፣ በሉዊስ ሃሚልተን ተቀደመ። ውድድሩ በሙሉ ይሰረዝ ብንል፣ ሃሚልተን በ3ኛነት ያገኛት 6 ነጥብ ትሄድበታለች፤ ያለ በደሉም ዘውዱን ያጣል። ስለዚህ ነገሩ ቀላል ነው አልልም። ነገር ግን የሬኖን ድል ብቻ መሰረዝ ምን ይከለክል ነበር? አሎንሶ አላወቀም ተብሏል፤ ይሁን። የተሰረቀ በግ ባላወቀ ሰው በረት ቢገኝም ለባለቤቱ ይመለሳል። ማሳ ግን በ2024 ዓ.ም. አቤቱታውን ይዞ ለንደን ፍርድ ቤት ገባ። ከ16 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም እኔም እንዲህ ያለ ዳኛ ነበርሁ። ገና ወጣት መምህር ሳለሁ፣ በዓመቱ መጨረሻ ፈተና አንድ ትንሽ ልጅ የቀለም ብልቃጥ ገልብጦ ክፍሉን አወከ። እኔ ወደ እርሱ ስሮጥ፣ አንድ ትልቅ ተማሪ የጐረቤቱን መልስ ገለበጠ። ትንሹን ገርፌ አስወጣሁት፤ ትልቁ አንደኛ ወጣ፤ ሽልማትም ተቀበለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትንሹ እያለቀሰ፣ ብልቃጡን የገለበጠው ትልቁ አስፈራርቶት እንደ ሆነ ነገረኝ። ለአለቃዬ ነገርሁ። «ውጤቱ ተነቧል፤ የተዘጋ ነገር አትክፈት» አለኝ። እኔም ዝም አልሁ። መልሱ የተሰረቀበት ልጅ ሁለተኛ ሆኖ ቀረ፤ ለአንደኛው ብቻ ይሰጥ የነበረውን የነጻ ትምህርት ዕድልም አጣ። በሚቀጥለው ዓመት ወንበሩ ባዶ ነበር። እኔ ያንን ወንበር እስከ ዛሬ አያለሁ።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ነገ ከእናንተ አንዱ መምህር፣ አንዱ ዳኛ፣ አንዱም የሥራ አለቃ ይሆናል። በፊታችሁ በደል ሲቀርብ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ማን አዘዘ? ማን ታዘዘ? ማንስ ተጐዳ? ያዘዘውን ከታዘዘው አስበልጣችሁ ቅጡ፤ የተናዘዘውን ማሩ፤ የተጐዳውን ግን ከሁሉ አስቀድማችሁ ካሱ። «ውጤቱ ተነቧል» የሚል ሰው ቢመጣባችሁ፣ የተነበበ ሐሰት እንደገና ቢነበብ እውነት እንደማይሆን ንገሩት። እኔ ያን ጊዜ አልነገርሁም።