ፍሬት የሌለው ድምፅ፦ የአዝማሪ ቅላጼ፣ ኤሌክትሪክ ጊታርና ኮምፒውተር

ማሲንቆ ፍሬት የለውም። የአዝማሪው ጣት በአንዲቱ የጭራ ክር ላይ ያሻት ቦታ ታርፋለች፤ ድምፁ ሲንሸራተት አብራ ትንሸራተታለች። የጊታር አንገት ግን በብረት ፍሬቶች ተከፋፍሏል፤ ኪቦርድና ኮምፒውተርም ኦክታቩን 12 እኩል ቦታ ከፍለው ነው የሚመጡት። የትዝታና የባቲ ቅኝቶች በዚህ ክፍፍል ውስጥ ብዙም ሳይጎዱ ያልፋሉ። አንቺ ሆዬ ግን፣ ለእኔ ጆሮ፣ ይቆስላል። «ባህላዊውና ዘመናዊው ተዋሐዱ» የሚለው የማስታወቂያ ቃል ይህን ቁስል ይሸፍነዋል። መጠየቅ የሚገባው ማን ለማን ቦታ ለቀቀ የሚለው ነው።

አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ከመዛወሩ በፊት፣ አንድ ጠዋት ከሽንኩርት ጆንያ ክምር አጠገብ ቆሜ ነበር። ሱቅ በር ላይ ከተሰቀለ ድምፅ ማጉያ የማሲንቆ ዘፈን በኪቦርድ ምት ታጅቦ ይጮሃል። ዘፋኙ አንዷን ቃል ይዞ ያርገበግባል፤ ምቱ ግን ሳይጠብቀው ያልፋል። ከጎኔ ቲማቲም የሚሸጠው ልጅ ዋጋ ሲጠራ የመጨረሻዋን ቃል እስኪበቃው ጎትቶ ነው የሚለቃት። ከሁለቱ በነፃነት ያዜመው ነጋዴው ነበር።

ምት ሁሉ ግን እንዲህ አይቸኩልም። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 እ.ኤ.አ. ከአይቤክስ ባንድ ጋር በሠራው «ኧረ መላ መላ» ባንዱ አጭር ሐረግ እየደጋገመ ምንጣፍ ያነጥፋል፤ ድምፁ በላዩ እንዳሻው ይመላለሳል። ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. በቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት ባወጣው «ኤርታሌ» ግን የሮክ ጊታር ጉልበት ድምፁ የሚመላለስበትን ክፍተት ይሞላዋል። ደስ ይላል፤ ቅላጼ የሚፈልግ ጆሮ ግን ጊታሩ ዝም የሚልባቸውን ቦታዎች መጠበቅ አለበት።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ «ሸሞንሟናዬ»ን ሲቀዳ ዘፋኝ አልጠራም። የድምፁን ሥራ ለአኮርዲዮን ሰጠው፤ ከስሩ ሲንተሳይዘርና የኤሌክትሮኒክ ከበሮ አሰለፈ። የአኮርዲዮን ቁልፎችም እንደ ኪቦርድ ቋሚ ናቸው፤ ሆኖም ወናፉ እንደ ሳንባ ይነፋል፣ ይረግባል፣ ሐረጉ መጨረሻ ላይ ይደክማል። ዘፋኝ ሳይኖር ዘፋኝ ይሰማል! ካሴቱ ከዓመታት በኋላ ባሕር ዳር ተገኝቶ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመ፤ ኃይሉ ያኔ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር።

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪው ሚካኤል ሰይፉ በ«ያራዳ ልጅ» (2014 እ.ኤ.አ.) እና በ«ዘላለም» (2016 እ.ኤ.አ.) በሌላ መንገድ ሄዷል። ምቱን ራሱን አንገዳገደው፤ ኮምፒውተሩ የማሲንቆን ልማድ ተማረ እንጂ ማሲንቆው ሰዓት ቆጣሪ አልሆነም። ለእኔ ይህ ከብዙ የጊታር ቅንብር ይልቅ ለአዝማሪው ወግ ይቀርባል። የቀረው ቅሬታ አንድ ነው፦ አዝማሪ «ተቀበል» ሲባል ከአድማጭ ግጥም ተቀብሎ እዚያው ይመልሳል፤ ተቀርጾ የተቆረጠ ድምፅ ግን ከማንም አይቀበልም።

የስቱዲዮ ባለሙያዎች ሆይ፣ ቢያንስ አንቺ ሆዬ ስትቀዱ ድምፅን ወደ 12ቱ ቦታ የሚገፋውን ኦቶቱን አጥፉት።