«ይመርቁን» ማለት «አናነብዎትም» ማለት ነውን?

ባለፈው ወር በሥነ ጽሑፍ ክበባችን ምሽት አንድ የታዘብኩት ነገር አለ። ከማታው ክፍል የሚማሩ፣ ጡረታ ከወጡ የቆዩ አንድ አባት አጭር ልብ ወለድ ይዘው መጡ። ሲገቡ ሁላችንም ብድግ አልን፤ የፊት ወንበር ለቀቅንላቸው። እስከዚህ ድረስ ጨዋነታችን እንከን አልነበረውም።

ከእርሳቸው በፊት ግጥም ያነበበውን የሁለተኛ ዓመት ልጅ በአስተያየት ቦጫጭቀን ጥለነው ነበር። ቤት አልመታም፣ ምሳሌው ተውሶ ነው፣ ርእሱ አይገጥምም፤ ያልተባለ የለም። ተራው የእርሳቸው ሆነ፤ አነበቡ፤ ጨረሱ። ዝም! ከዚያ መድረክ መሪው ተነሥቶ፣ «አባባ፣ እናመሰግናለን። እንግዲህ ይመርቁን» አለ። ወረቀታቸውን እንደ ያዙ ጥቂት ቆዩና መረቁን። እኛም አሜን ብለን ወደ እራት ተበተንን።

እኔም አሜን ካሉት አንዱ ነኝ። ግን አስተያየት ነበረኝ። የታሪኩ መጨረሻ ልል ነው። መካከሉ ግን፣ ሰውየው ጡረታ በወጣ ማግሥት እንደ ልማዱ ተላጭቶ፣ ክራቫት አሥሮ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ደርሶ የት እንደሚሄድ የሚጠፋበት ቦታ፣ በዚህ ዓመት በክበባችን ከሰማሁት ሁሉ ይበልጣል። ይህን አልተናገርኩም። ምን ላርግ፣ ታላቅ ሰው አይታረምም ብዬ ነው። አሁን ሳስበው ግን ከማረም መታቀቤ ክብር አልነበረም፤ ከጸሐፊነት መዝገብ ስማቸውን መፋቅ ነበር።

«በእኛ ባህል እኮ ሽማግሌ ይከበራል» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ይከበራል፤ አልካድኩም። ሽማግሌ ማለት ያረጀ ሰው ብቻ አይደለም፤ አስታራቂም፣ አማላጅም ነው። ነገር ግን ያው ቋንቋ «ካረጁ አይበጁ» ይላል። «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ብሎም ያሾፋል፤ ማለት፣ በስተርጅና ማማር፣ መውደድ፣ አዲስ ነገር መጀመር ነውር ነው። እንግዲህ ለአረጋዊ የተፈቀደለት ሥራ ማስታረቅና መመረቅ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ለሴቷማ ይህም የለም። ወንዱ ሲያረጅ «ሽማግሌ» ተብሎ ወንበር ያገኛል፤ እሷ ስታረጅ «አሮጊት» ትባላለች፤ ቃሉም ስድብ ለመሆን ሩብ እርምጃ ነው የሚቀረው። የማናምነውን ወሬ «የባልቴት ወሬ» የምንለው ለምን ይሆን? በልጅነታችን ተረት ያስተማረን ማን ሆነና!

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ በዕድሜ መናቅ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ሲባል የተቆጣን እኛ ነን። ቁጣችን ትክክል ነው፤ ግን ያንኑ ሚዛን ገልብጠን ለታላላቆቻችን እናውለዋለን። አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት በትለር ለዚህ ዓይነቱ አድልዎ እ.ኤ.አ. በ1969 ስም አወጣለት፤ እንደ ዘርና እንደ ጾታ አድልዎ ሁሉ ዕድሜም ሰውን መለያ ሆኗል አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ ከዓለም ሕዝብ ግማሹ ያህል ለአረጋውያን እንዲህ ያለ አመለካከት እንዳለው ገልጿል። ነገሩ የእኛ ክበብ ጉድ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ወደ ሥነ ጽሑፋችን እንምጣ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በክፍል ስንተነትን ብዙ ጊዜ የምንለው አንድ ነው፤ አሮጌው ትውልድ አዲሱን ደፈጠጠ። እስቲ መጽሐፉን ደግመን እንየው። ገበሬው በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሣው ስላረጁ ነውን? አይደለም! ከልማድ ውጭ አምጡ ስላሉት ነው። ችግሩ ሽበት ሳይሆን ጉልት ነው። በልብ ወለዱ ውስጥ ሥርዓቱን ከሥሩ የሚመረምረው ሰውስ ማነው? ወጣቱ በዛብህ ሳይሆን ጎልማሳው ጉዱ ካሳ ነው። የበዛብህ ወላጆች፣ ቦጋለና ውድነሽ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ካለ በኋላ የተጋቡ ናቸው። ደራሲው የፍቅር መጽሐፋቸውን የከፈቱት በእነሱ ነው። እኛ ግን ፍቅር ሲባል ሰብለና በዛብህን ብቻ እናያለን፤ የፊተኛውን ምዕራፍ እንደ መንደርደሪያ እንዘለዋለን።

በደራሲው ላይ የምንፈጽመውም ያው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ሲወጣ ሃምሳ አምስትን አልፈዋል፤ ለአንድ ጀማሪ ልብ ወለድ ጸሐፊ «አምባር ይዋጁ» የሚያስብል ዕድሜ ነው። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልም እዣት» በ1980፣ «ትዝታ» በ1985 ወጡ። ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ሦስት መጻሕፍት! ስንቶቻችን አንብበናቸዋል? እኔ ራሴ ሁለቱን አላነበብኩም፤ ይህን ስጽፍ ነው ያፈርኩት። ስለ መጀመሪያው መጽሐፍ እየተከራከርን፣ ስለ ኋለኞቹ «ታላቁ ደራሲ» ብለን እናልፋለን። እነዚያ መጻሕፍት ከመጀመሪያው ያንሳሉ የሚል ካለ፣ ይበል፤ ግን አንብቦ፣ ገጽ ጠቅሶ ይበል። ሳያነቡ ማወደስ ሳያነቡ ከመንቀፍ አይሻልም። ሁለቱም ያው አለማንበብ ነው።

የሰውየው ነገር ግን አልለቀቀኝም። ባለፈው ሳምንት በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አገኘኋቸው። እየፈራሁ፣ «አባባ፣ መጨረሻው ላይ ያለው ምክር ታሪኩን ያላላዋል፤ ፌርማታው ላይ ቢያበቃስ?» አልኳቸው። ኮስተር ብለው አዩኝ። በቃ፣ ደፈርኳቸው ብዬ ደነገጥኩ። ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡና፣ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» ብለው የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች ሰረዙ። ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። እርሳቸው አሸነፉኝ።

ታሪኩን በሚቀጥለው ክበብ እንደገና ያነቡታል። ወንበሩን እንልቀቅላቸው፤ ብድግም እንበል። ግን ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ኑ። ምርቃቱ ከአስተያየቱ በኋላ ይሁን።