ለሰፊ የሚሆን ካውያ

ልብስ ስፌት ሊጀምር የሚነሳ ሰው ገንዘቡን ሁሉ መኪናው ላይ ያፈሳል። ሲንጀሩ ጥሩ ይሁን እንጂ ካውያ የትም አይጠፋም ይላል። ወንጪ ላይ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን አልቀበልም። መኪና ሁለት ጨርቅ ያያይዛል፤ ልብስ የሚያደርገው ካውያው ነው። ሳይተኮስ የታለፈ ስፌት ትከሻ ላይ ያብጣል፣ የኮሌታው ጫፍ ይደነዝዛል፣ የሱሪው እግር ይጣመማል። ልብሱ ካለቀ በኋላ የቱንም ያህል ቢተኩሱት ይህ አይቃናም። እያንዳንዱ ስፌት ሌላ ስፌት ሳያልፍበት ተከፍቶ መተኮስ አለበት።

ቤቱ ሸሚዝ የሚተኩስ ሰው ካውያውን ይገፋል። ሰፊ ግን ያሳርፋል፣ ይጫናል፣ ያነሳል፣ ደግሞ ቀጥሎ ያሳርፋል። በተለይ በእጅ የተሸመነ ሸማ መገፋት አይወድም። ድርና ማጉ ልል ስለሆነ ካውያው በሄደበት ይሳባል፤ የቀሚሱ ጠርዝ በአንድ በኩል ረዝሞ በሌላው አጥሮ ይቀራል። ጥበቡ ደግሞ በግልባጩ፣ ወፍራምና ለስላሳ ነገር ላይ ተደፍቶ መተኮስ አለበት፤ አለዚያ የተነሳው ክር ተደፍጥጦ ይሞታል። እኔ ጠረጴዛው ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ አጥፌ፣ በላዩ ደጋግሞ የታጠበ አቡጀዲ ወጥሬ ነው የምሠራው።

እንግዲህ የሚያርፍና የሚጫን ካውያ ክብደት ይፈልጋል። ዛሬ ሱቅ የሚደረደሩት አብዛኞቹ ለመግፋት የተሠሩ ቀላል ፕላስቲኮች ናቸው። ክብደቱን ካውያው ካልሰጠ የሰፊው ትከሻ ይሰጣል፣ ቀኑን ሙሉ። ከባዱን ማንሳት ያደክማል የሚሉ አሉ፤ ቀላሉን ተደግፎ መጫን ግን ይበልጥ ያደክማል።

እኛ ያለንበት ከፍታም ይህን ያጠናክረዋል። ወንጪ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። በርኖስ ወይም የሱፍ ኮት በእርጥብ ጨርቅ ሲተኮስ፣ እርጥበቱ እስኪያልቅ ድረስ የጨርቁ ሙቀት ውሃው ከሚፈላበት አያልፍም፤ ካውያው የቱንም ያህል ቢግል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚታጠፍ ሱፍ እዚህ በ90 እንዲታጠፍ መለመን አለበት። መፍትሔው ጨርቁን ጥሩ አድርጎ መጭመቅ፣ ካውያውን እስኪደርቅ አለማንሳት፣ ከዚያም በቶሎ የወይራ ጣውላ ቁራጭ ጭኖ መተው ነው። መስመሩ የሚጸናው ሲቀዘቅዝ ነውና የወንጪ ብርድ እዚህ ላይ ይረዳናል፤ ጣውላው ሲነሳ መስመሩ እንደ ቢላ ስለት ይቆማል።

የከሰል ካውያን የሚንቁ ወጣት ሰፊዎች አሉ፤ ልክ አይደሉም። ያ ባለ እንጨት እጀታው፣ ክዳኑ ላይ የብረት ዶሮ የተቀመጠበት ሣጥን መብራት በጠፋ ቀን ሥራ አያስፈታም። ክብደቱም ከነከሰሉ ለሱፍና ለካኪ ልክ የተፈጠረ ነው። ከሰሉ የግራር ቢሆን ይመረጣል። በደጋው እንደልብ የሚገኘው የባሕር ዛፍ ከሰል ይፈነጥቃል፣ ቶሎም አመድ ይሆናል። ሲገዙት ክዳኑ ጥብቅ ብሎ መግጠሙን፣ የጎን ቀዳዳዎቹ ከታች ጠርዝ ከፍ ማለታቸውን ይዩ፤ ዝቅ ያሉ ከሆነ አመዱ ነጠላው ላይ ይረግፋል። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፣ ሲሠሩም በርና መስኮት ይከፈት። ብርድ ነው ተብሎ በተዘጋ ቤት ውስጥ በከሰል መሥራት ሰው ይገድላል።

የኤሌክትሪክ ካውያ ሄንሪ ሲሊ የተባለ አሜሪካዊ በ1882 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ካወጣበት ጀምሮ ብዙ ተሻሽሏል፤ ለእኛ መስመር ግን አልተሠራም። 1,000 ዋት የተጻፈበት ካውያ ያን ኃይል የሚሰጠው 220 ቮልት ሲደርሰው ነው። ማታ መብራቱ ደከም ብሎ ቮልቱ 180 ከሆነ የሚቀረው 670 ዋት ያህል ብቻ ነው። ታዲያ 2,400 ዋት ልግዛ የሚል ይኖራል። እሱ ደግሞ 11 አምፒር ገደማ ይስባል፤ በቀጭን ገመድና በርካሽ ዲቫይደር ላይ ሲሰካ ሶኬቱ ይቀልጣል። ገለባ የመሰለ ገመድ ያለውን ካውያ፣ ዋጋው ምንም ቢሆን አልገዛም። ሆዱ ብረት ስለሆነም ኤርዝ ያለው መሰኪያና ኤርዝ ያለው ግድግዳ ያስፈልገዋል። እርጥብ ጨርቅ በእጁ ይዞ ለሚሠራ ሰው ይህ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ "ጋሼ፣ ይሄኛው እኮ እንፋሎት አለው" ይለኛል። እንፋሎቱ መልካም ነው፤ ችግሩ ውሃው ነው። የአምቦ ውሃ ጣዕሙን ያገኘው ከካልሲየም፣ ከማግኒዚየምና ከባይካርቦኔት ነው። ጠጥተን የምንረካበት ይህ ማዕድን ካውያ ውስጥ ሲገባ ነጭ ድንጋይ ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍናል። ከዚያ ካውያው ይተፋል፤ የሚተፋውም የሙሽራ ቀሚስ ላይ ነው። የምንጭና የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ የዚሁ ዘመድ ነው። ንጹሕ የዝናብ ውሃ ምርጥ ነው፤ ክረምት ላይ በጀሪካን ማጠራቀም ነው። ካልተገኘ ውሃውን አፍልቶ ማስዘቀጥና ከላይ ያለውን ብቻ መቅዳት ይረዳል። እኔ በበኩሌ እንፋሎት የሌለውን ከባድ ካውያ ከእርጥብ አቡጀዲ ጋር እመርጣለሁ። እርጥበቱ የት እንዳረፈና ምን ያህል እንደሆነ በእጄ አውቀዋለሁ።

የኢሬቻ ሰሞን ይህ በግልጽ ይታያል። ነጭ ቀሚስ ላይ ቀይና ጥቁር ጥለት አለ፤ ቀዩ ቀለሙን የሚለቅ ክር ከሆነ አንዲት ጠብታ ሙቅ ውሃ ነጩን ታበላሸዋለች። የሚተፋ ካውያ በዚያ ሳምንት ወርክሾፕ ውስጥ መግባት የለበትም። ወንጪ በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መሐል ከተመረጠች ወዲህ ለእንግዳ ስለሚሰፋ ልብስም አብዝቼ አስባለሁ። እንግዳ የገዛው ልብስ ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ ይከርማል፤ ስፌቱ በየደረጃው የተተኮሰ ካልሆነ ሲወጣ ጨምዳዳ ነው።

የካውያው ሆድ አይዝጌ ብረት ቢሆን ይሻላል። ቴፍሎን የተቀባው መጀመሪያ ያንሸራትታል፣ ግን መርፌና ዚፕ ሲነካው ይላጣል፤ የሰፊ ጠረጴዛ ደግሞ ከመርፌ ተለይቶ አያውቅም። አፍንጫው ሹል ይሁን፤ የኮሌታ ጥግ ውስጥ የማይገባ ካውያ ለሰፊ ግማሽ ካውያ ነው። ገልብጠው ከዓይንዎ ትይዩ አድርገው በብርሃን ሲያዩት ሆዱ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። በጥፍርዎ ጠርዙን ዳበስ ያድርጉ፤ የሚይዝ ነገር ካለ ሐር ይስባል።

ከሁሉም በላይ የሙቀት መቆጣጠሪያው እውነት ይናገር። አንድ ነጥብ 110 ዲግሪ አካባቢ ለናይለን፣ ሁለት ነጥብ 150 ለሱፍና ለሐር፣ ሦስት ነጥብ 200 ለጥጥ ነው። ብዙ ርካሽ ካውያ ሁለት ነጥብ ላይ ሆኖ እንደ ሦስት ይግላል። ይህን በዓይን ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ሊገዙ ሲሄዱ ከሥራዎ የተረፈ ቁራጭ ይያዙ፦ አንድ ነጭ ጥጥ፣ አንድ ሱፍ፣ አንድ ናይለን። ካውያው ተሰክቶ ይጋል፤ መብራቱ ሁለት ሦስት ጊዜ እስኪጠፋና እስኪበራ ይጠብቁ፤ ከዚያ በየነጥቡ በየጨርቁ ላይ ያሳርፉት። ናይለኑ ከተጨማደደ፣ ጥጡ ቢጫ ካወጣ መልሰው ይስጡት። ሻጩ አልሰካም ካለ ደግሞ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ይግቡ።