ስሙ የተፋቀ ስጦታ፦ በቴሌግራም የሚዞር ቅኔ

ወዳጅ ለወዳጁ በቴሌግራም ከሚልካቸው የሥነ ጽሑፍና የዜማ ድንቆች መካከል ለመላክ የግእዝ ቅኔን ያህል የተመቸ የለም። ከቅኔ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ በአንድ አጭር መልእክት ያልቃል፤ ፍቺው ግን ወዳጆችን እስከ እኩለ ሌሊት ያከራክራል። ባሕር ዳር ለዚህ ልውውጥ ሁነኛ ስፍራ ናት፤ ከጀርባዋ የጎንጅና የዋሸራ ቅኔ ቤቶች፣ ከፊቷ ብራና የተከማቸባቸው የጣና ገዳማት አሉ። ይሁንና በየስልኩ ሲዞሩ ከማያቸው ቅኔዎች አብዛኞቹ «ድንቅ ቅኔ» ከሚል ርእስ በቀር ማን፣ የትና በምን በዓል እንደተቀኛቸው አይናገሩም። ይህን ጉድለት እንደ ጨዋነት ማነስ ብቻ ማየት አይበቃም፤ ንባቡን ራሱን ያበላሻል።

ቅኔ የዕለት ነው። ተማሪው ከጓደኞቹ ገለል ብሎ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፤ በማግስቱ ሌላ ያዘጋጃል። ወርቁ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በዕለቱ በዓል፣ በጉባኤው በተገኘው ሹም ወይም በቅርቡ ባረፈው ሊቅ ላይ ነው። አጋጣሚው ሲጠፋ አንባቢው በእጁ የሚቀረው ሰሙ ነው፤ ወርቁን ደግሞ እንደመሰለው ይሞላዋል። በቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ ከሚነሱት ክርክሮች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከቅኔው ጥልቀት ይልቅ ከዚህ ክፍተት ይመስለኛል።

የብራና ጸሐፍት ይህን አደጋ ያውቁት ነበር። በመጽሐፉ መጨረሻ ማን እንዳጻፈው፣ ማን እንደጻፈው፣ ለየትኛው ደብር እንደተሰጠ ያሰፍራሉ፤ የሚሰርቀውንና የሚፍቀውንም ያወግዛሉ። ውግዘቱ ያለ ምክንያት አልተጻፈም። በብዙ ብራናዎች ላይ የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቆ የኋለኛው ገብቶበታል። ዛሬ በሰው ድርሰት ላይ የራሱን ቻናል መለያ የሚለጥፍ ሰው የዚያ ልማድ ወራሽ ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ ሁሉ ታማኝ ነበር፣ ኢንተርኔት አበላሸን የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም። ለውጡ ሌላ ቦታ ላይ ነው። የተፋቀ ብራና ጠባሳ ይተዋል፤ ተመራማሪም አንዳንዴ የፊተኛውን ስም ከጠባሳው ላይ ያነባል። ከስልክ ወደ ስልክ የሚገለበጥ ጽሑፍ ግን የተነካበትን ቦታ አያሳይም።

የመጣበትን መዝግቦ የማቆየቱን ሥራ በኋላ ተመራማሪዎች ቀጠሉበት። ጀርመናዊው ምሁር ኤርንስት ሐመርሽሚት በጣና ደሴት የሚገኘውን የክብራን ገብርኤል ገዳም መጻሕፍት አንድ በአንድ በቁጥር የገለጸበት ካታሎግ እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያን ብራናዎች በስፋት በማይክሮፊልም የሚያነሳ ፕሮጀክት ተጀመረ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በሚኒሶታ ሆነው ለረጅም ዓመታት ደከሙበት። የዚህ ሁሉ ልፋት ፍሬ እያንዳንዱ ገጽ ወደ መጣበት መጽሐፍና ደብር የሚመልስ ቁጥር ማግኘቱ ነው። ዛሬ ከእነዚህ ገጾች ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይነበባሉ፤ ሥዕሉን ቆርጦ ቁጥሩን ጥሎ የሚልክ ግን የሃምሳ ዓመት ድካም በአንድ ንክኪ ያፈርሳል።

በሙዚቃውም ያው ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲዲ ተከታታይ ከነማብራሪያ መጽሔቱ ይወጣ ነበር፤ አንዱ ዘፈን ብቻውን ተነጥሎ ሲላክ የዘፋኙ ስም ቢተርፍ እንኳ የአቀናባሪውና የሳክስፎን ተጫዋቹ ይጠፋል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ በስልክ ላይ የቀረው አስቀድሞ የወረደው ብቻ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ስም አልባውን ቅኔ ፈልጎ ማጣራት አይቻልም፤ አብሮት ያልተላከው ሁሉ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሆኖም ቴሌግራም ከታተመ መድበል የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የድምፅ መልእክት ነው። መድበሉ ቃሉን እንጂ ዜማውን አይዝም፤ ቅኔ ደግሞ በማኅሌት የሚሰማው በዜማ ነው። ከዚህም በላይ፣ በጽሑፍ ሲልክ ስም የሚዘነጋው ሰው ድምፁን ሲቀዳ እንደ ጨዋታ ወግ «ይህን እገሌ በእገሌ ደብር ለጥምቀት የተቀኙት ነው» ብሎ ሲጀምር ደጋግሜ ሰምቻለሁ።