የአንባቢ መብት እስከ የት ነው?

መጽሐፍ አንብቦ መደሰት እንዳለ ሁሉ መጽሐፍ አንብቦ መቈጣትም አለ። ስለ ደስታው ብዙ ተነግሯል፤ ቍጣው ግን እንደ ነውር ተቈጥሮ ሳይመረመር ይታለፋል። እኔ ወጣቶችን ንባብ ሳስተምር የኖርሁ እንደ መሆኔ መጠን፥ አንባቢ ለምን እንደሚቈጣ፥ ቍጣውስ እስከ የት ትክክል ሆኖ ከየት ጀምሮ ግፍ እንደሚሆን መመርመር ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ለዚህም ምሳሌ የማደርጋቸው ትልልቅ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚንቋቸውን መጻሕፍት ነው። እነርሱም በዛሬው ከተማ መካከል ደም መጣጮች፥ ጠንቋዮችና ወደ እንስሳ የሚለወጡ ሰዎች ከእኛ ጋራ ሲኖሩ የሚያሳዩ፥ ይልቁንም ከነዚህ ፍጥረቶች አንዱ አንዲት ልጃገረድ ሲወድ የሚተርኩ የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች ናቸው። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ የእኛ ሲሆን አስታውቃለሁ።)

«የደም መጣጭ ተረት ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል ሰው ቢመጣ፥ የቡዳና የጅብ ሰው ወሬ በልጅነቱ እሳት ዳር ሳይሰማ ያደገ ከሆነ ይናገር እለዋለሁ። ብራም ስቶከር የተባሉት አየርላንዳዊ ደራሲ «ድራኩላ»ን በ1897 ካሳተሙ ወዲህ ደም መጣጩ ሙት ከመጻሕፍት ገጽ ጠፍቶ አያውቅም። ለውጡ፥ ያን ጊዜ የሚያስፈራ ጠላት የነበረው ዛሬ የሚናፈቅ እጮኛ መሆኑ ነው።

እነዚህ ታሪኮች በአንድ መጽሐፍ አያልቁም። አንዱ ሌላውን እየተከተለ አሥር፥ አሥራ ሦስት መጽሐፍ ይሆናሉ፤ አንባቢዋ በተማሪነቷ የጀመረችውን ታሪክ ልጅ ወልዳ ትጨርሰዋለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ደራሲው በባለታሪኳ ፊት ሁለት ሦስት ወዳጆች ያቆማል። በሠርግ ቤት የወንድ ወገንና የሴት ወገን እንደሚባለው፥ አንባቢም ወገን ለይቶ ይሰለፋል። ስቴፈኒ ሜየር «ትዋይላይት» በሚለው መጽሐፋቸው የጀመሩት ታሪክ በተነበበበት ዘመን «የኤድዋርድ ወገን»፥ «የጄኮብ ወገን» የሚል ጽሑፍ በደረታቸው ላይ ለብሰው የሚሄዱ ልጆች ነበሩ። ወገን የያዘ ሰው ደግሞ መጨረሻውን እንደ ተረት ሳይሆን እንደ ችሎት ፍርድ ይጠብቃል።

ከሁሉም ይልቅ መመርመር የሚገባው የቻርሌን ሃሪስ ነገር ነው። እኒህ አሜሪካዊት ደራሲ ሱኪ ስታክሃውስ የምትባል የመጠጥ ቤት አስተናጋጅ ታሪክ በ2001 ጀምረው በ2013 በ13ኛው መጽሐፍ ፈጸሙ። ሱኪ የምትኖረው በሉዊዚያና፥ ደራሲዋ በሐሳባቸው በፈጠሯት ትንሽ ከተማ ነው። የሰውን ሐሳብ መስማት ትችላለች፤ ይህም ስጦታ ከመከራ የሚቈጠር ሆኖባታል፤ አብሯት የሚቀመጥ ወንድ በልቡ የሚያስበውን ሁሉ እየሰማች እንዴት ትወደዋለች? የደም መጣጮቹ ልብ ግን ለእሷ ዝም ያለ ነው። ጃፓኖች የሠሩት ሰው ሠራሽ ደም በገበያ ስለ ዋለም ከተደበቁበት ወጥተው በአደባባይ መኖር ጀምረዋል። መጀመሪያ ቢል፥ ቀጥሎም ኤሪክ የሚባሉ ደም መጣጮች ይወዷታል። ኤሪክ ከሺህ ዓመት በላይ የኖረ፥ መልከ መልካም፥ ኃይለኛ ነው። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሳም ደግሞ ወደ ውሻና ወደ ሌላም እንስሳ መለወጥ ይችላል እንጂ፥ በቀረው በፀሐይ የሚወጣና የሚገባ፥ ስለ ሱቁ ሒሳብ የሚጨነቅ ተራ ሰው ነው። ደራሲዋ በመጨረሻ ሱኪን ከሳም ጋራ አደረጓት።

ያን ጊዜ የሆነው ያስደነግጣል። መጽሐፉ ለገበያ ሳይቀርብ መጨረሻው ሾልኮ ተሰማ። ብዙዎች አስቀድመው ያዘዙትን ሰረዙ። አንዳንዶች ደራሲዋን እንደሚጎዷቸው ዛቱ፤ ራሳችንን እናጠፋለን ያሉም እንደ ነበሩ በጊዜው በጋዜጣ ተጽፏል። ደራሲዋም መጽሐፍ በወጣ ቍጥር ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ አንባቢን የማነጋገሩን ልማድ ለዚህኛው መጽሐፍ ተዉት። ልብ በሉ፤ ከቈጡት መካከል ብዙዎቹ መጽሐፉን ገና አላነበቡም ነበር። ያላነበቡትን መጽሐፍ መኰነን ያልቀመሱትን ወጥ ጨው በዛበት እንደ ማለት ነው።

እስቲ እኛ መጽሐፎቹን ራሳቸውን እንጠይቅ። ሱኪ ከመጀመሪያው አንሥቶ ፀሐይ መሞቅ የምትወድ ልጅ ናት፤ ደም መጣጭ ግን ፀሐይ ካየ ይቃጠላል። ደም መጣጭ ልጅ አይወልድም፤ ልጅ የማግኘት ሐሳብ ግን በሱኪ ልብ ውስጥ እየመጣ ይሄዳል። በ12ኛው መጽሐፍ፥ በ2012 በታተመው፥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል፥ የተመኙትን የሚፈጽም ምትሐተኛ ዕቃ በእጇ ገብቷል። በዚያው ሰዓት ኤሪክ፥ ደም መጣጭ ያደረገው ጌታው በተዋዋለው ውል የተነሣ፥ የኦክላሆማን የደም መጣጮች ንግሥት እንዲያገባ ተገዷል። ሱኪ በዚያ ዕቃ ኤሪክን ከውሉ ለማዳን መመኘት ትችል ነበር። እሷ ግን በዓይኗ ፊት የተገደለውን ሳምን ከሞት መለሰችበት። ሳታስብ፥ በቅጽበት አደረገችው፤ ሰው ሳያስብ የሚያደርገው ነገር ደግሞ ልቡን ይገልጠዋል። ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ መጨረሻው ከሰማይ የወረደ ዱብ ዕዳ ነው ማለት አይቻልም። ደራሲዋ ዘሩን ዘርተው ነበር፤ አንባቢው ሌላ እህል ይጠብቅ ነበር።

ነገር ግን ቍጣው ሁሉ ከንቱ አልነበረም። ኤሪክ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ ያለ ሰው ሆኖ ሳለ በመጨረሻው መጽሐፍ ስንብቱ በቂ ቦታ አልተሰጠውም፥ የቀድሞ ሰዎች ሁሉ ለመሰናበት ያህል ብቻ እየተጠሩ ያልፋሉ፥ ነገሩ ተቻኵሏል ብለው የወቀሱ አንባቢዎች ነበሩ። ይህ ትክክለኛ ወቀሳ ነው፤ የሚወቅሰው ሥራውን ነውና። «የምወደው ሰው ስላልተመረጠ ተካድሁ» የሚለው ግን ስለ ተናጋሪው ይነግረናል እንጂ ስለ መጽሐፉ የሚነግረን አንዳች ነገር የለም።

ተማሪዎቼ ስላነበቡት መጽሐፍ በጽሑፍ ሲያቀርቡ «መጨረሻው ጥሩ አይደለም» ብለው የተዉትን በቀይ ቀለም «ለምን?» ብዬ እመልስላቸው ነበር። አንዱ «ሰውየው ስለ ሞተ» ብሎ ጻፈ። እኔም «በአርባኛው ገጽ ላይ ሲያስል አልሰማኸውም?» ብዬ መለስሁለት። ልጁ ተናደደብኝ፤ መጽሐፉን ግን እንደ ገና አነበበው።

እንግዲህ ሃሪስ የአንባቢን ምኞት ስለ ነሡ ተቈጧቸው ከተባለ፥ ምኞትን ሁሉ የሰጡትስ? ሜየር በነሐሴ 2008 የታሪካቸውን አራተኛ መጽሐፍ ሲያወጡ በአሜሪካ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 1.3 ሚሊዮን ቅጅ ተሸጠ። በዚህ መጽሐፍ ቤላ የምትወደውን ኤድዋርድን ታገባለች፥ ልጅ ትወልዳለች፥ ደም መጣጭም ሆና የማያረጅ ውበትና ኃይል ታገኛለች። የተፈራው ታላቅ ጦርነት ደግሞ ሳይነሣ ይበርዳል። ብዙ አንባቢ በዚህም ተቈጣ! መጽሐፉን ከማቃጠል ወደ ሱቅ መልሱት እያሉ የሚቀሰቅሱ ተነሡ። (ከ700 ገጽ በላይ ጨርሶ አንብቦ መመለስ፥ ምሳ በልቶ ሳህኑን እየመለሱ ገንዘብ እንደ መጠየቅ ይመስለኛል፤ ይሁን እንጂ ከዛቻ ይሻላል።) ከሁካታው በታች ግን አስተዋይ ወቀሳ ነበረ። ቤላ ሦስት መጽሐፍ ሙሉ «ሰውነቴን ብተው ምን አጣለሁ?» እያለች ስትጨነቅ ቈይታ፥ በመጨረሻ አንዳች ሳታጣ ሁሉን አገኘች። ወላጅ አባቷ እንኳ አልቀረባትም። ዋጋው ተጠርቶ ሳይከፈል ቀረ። ይህን ያሉ አንባቢዎች የፈለጉትን ሁሉ ተቀብለው ሳለ መጐደሉን ያወቁ ናቸው፤ እኔም በፍርዳቸው እስማማለሁ። የሁለቱን መጻሕፍት ነገር አጠገብ ለአጠገብ ስታስቀምጡት ምኞት የመጽሐፍ ሚዛን ሊሆን እንደማይችል ታያላችሁ፤ ተነሥቶም ተሰጥቶም ያስቈጣል።

ደራሲዎችስ? እነርሱም ከቍጣ ነጻ አይደሉም። የደም መጣጮችን ታሪክ በ1976 እንደ ገና ያስነሡት አን ራይስ፥ በ2003 ያወጡትን መጽሐፍ አንባቢዎች አጥላልተው ቢጽፉባቸው በ2004 ረዥም የቍጣ መልስ ሰጡ፤ መጽሐፉን ለጠላ ሰውም ገንዘቡን እመልሳለሁ አሉ። ገንዘቡን ልመልስ ማለታቸው የሚያስመሰግን ነው። አንባቢዎቹን አላስተዋላችሁም ብለው መገሠጻቸው ግን አልረዳቸውም፤ መጽሐፍ ራሱ ያልተናገረውን ደራሲው ከኋላ እየተከተለ ሊናገርለት አይችልም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆልምስን በ1893 በፏፏቴ ገደል ላይ ሲያጠፉት አንባቢ አዝኖ ተቈጣ፥ መጽሔቱን መግዛት የተወም ብዙ ነበር፤ በ1903 ደራሲው በጥሩ ክፍያ አስነሡት። ገንዘቤን አልሰጥም ማለት የማንም አንባቢ መብት ነው። ጽፎ መውቀስ፥ በዚያው ታሪክ ላይ ሌላ መጨረሻ ለራሱ ጽፎ መደሰትም መብቱ ነው። የጻፈችውን ሴት በቤቷ ማስፈራራት ግን በየትኛውም ሚዛን መብት አይባልም። ዛቻው የሚደርሰው በምናብ ላለችው ለሱኪ አይደለም፤ ቀለብ ለምትገዛ፥ ቤተሰብ ላላት፥ ሌሊት በር ሲንኳኳ ለምትደነግጥ ሰው ነው።

ከአገራችንም አንድ ነገር ላንሣ። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በእኛ አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. ከታተመ፥ ይልቁንም ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ካነበበው ወዲህ፥ ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ያላለቀሰ ጥቂት ነው። «ምናለ በዛብህ ቢተርፍ ኖሮ» የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም። እንዲህ የሚለውን ሰው ታዲያ መጽሐፉን እንደ ገና አንብብ ብትሉት፥ ወላጆቹ ልጃቸው እንዲያድግላቸው ከተሳሉት ስእለት ጀምሮ፥ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ካለው የዘር ኵራት ጀምሮ፥ ኀዘኑ ደረጃ በደረጃ ሲመጣ ያየዋል። ማልቀሱን አይተውም፤ ነገር ግን የሚያለቅስበትን ምክንያት ያውቀዋል።

ወጣቶች ሆይ፥ ስለ ዛቻ ይህን ያህል ካልሁ ስለ ስስትም ጥቂት ልበል፤ አንባቢ ደራሲን የሚጎዳው በጥላቻ ብቻ አይደለምና። ሜየር በ2008 የመጀመሪያውን ታሪክ በኤድዋርድ አንደበት እንደ ገና እየጻፉ ነበር። ገና ያልታረመው፥ ያላለቀው ጽሑፍ ያለ ፈቃዳቸው ወጥቶ ተሰራጨ። የወሰዱትም ያሰራጩትም ጠላቶች አይመስሉኝም፤ ታሪኩን ከመውደዳቸው የተነሣ መታገሥ ያቃታቸው ይመስሉኛል። ደራሲዋ እጅግ አዝነው፥ የተሰረቀውን ረቂቅ አንባቢ በሕጋዊ መንገድ እንዲያየው ራሳቸው አወጡት፥ ሥራውንም አቆሙ። መጽሐፉ ተጠናቆ የታተመው በነሐሴ 2020 ነው። ረቂቁ በተሰረቀ ጊዜ 15 ዓመት የሆናት አንባቢ፥ ሙሉውን መጽሐፍ በእጇ ስትይዝ 27 ዓመት ሆኗት ነበር።