ፊት የሚያስረጅ መብራት

ማሪዮ ባቫ በ1960 እ.ኤ.አ. «ላ ማስኬራ ዴል ዴሞኒዮ»ን ጣሊያን ውስጥ ሲሠራ ዳይሬክተሩም ካሜራማኑም ራሱ ነበር። በእንግሊዝኛ «ብላክ ሰንደይ» በሚል ስም ይታወቃል። ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ጭምብሉ ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሞልዳቪያ ውስጥ አሳ ቫይዳ የተባለች ጠንቋይ ተፈርዶባት፣ ውስጡ ሹል ሹል ብረት ያለው ጭምብል ፊቷ ላይ በትልቅ መዶሻ ይመታባታል። ያስደነግጣል፣ አልክድም። በመብራት ሥራ እንጀራዬን ለምበላው ለእኔ ግን ፊልሙ የሚጀምረው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ሬሳ ሳጥኗ ሲከፈት ነው።

ክዳኑ ላይ በፊቷ ትይዩ መስታወት ተገጥሟል፣ ከበላዩ መስቀል ቆሟል፤ ልነሣ ብትል መጀመሪያ መስቀሉን እንድታይ። አንድ መንገደኛ ሐኪም ከሌሊት ወፍ ጋር ሲታገል መስቀሉንም መስታወቱንም ይሰብርና ጭምብሉን ያነሣል። ከሥር የሚወጣው ፊት አልበሰበሰም። ብረቱ የበሳው ቦታ ይታያል፣ ዓይኖቿ ባዶ ጉድጓድ ሆነው ነፍሳት ይርመሰመሱባቸዋል፤ ጉንጯና ከንፈሯ ግን ያው የተዋናይዋ የባርባራ ስቲል ናቸው፣ ያምራሉ። የሚያስፈራውም ማማራቸው ነው። የበሰበሰ ሬሳ የሜካፕ ባለሙያ ሥራ ነው። ሳይበሰብስ የቆየ ሬሳ ግን በአብዛኛው የእኛ የመብራት ሠራተኞች ዕዳ ነው።

ቆሞ ለሚጫወት ተዋናይ የተሰቀለ መብራት ለተጋደመ አይሆንም። ከጣሪያ የሚወርድ ብርሃን የተንጋለለ ፊት ላይ ፊት ለፊት ያርፍና ጥላውን ሁሉ ይጠርገዋል፤ ያኔ የሞተች ሳይሆን የተኛች ሴት ታያለህ። ብዙዎች ከአገጭ በኩል ይልኩታል፣ እሱ ደግሞ ለእኔ የልጆች ማስፈራሪያ ነው። እኔ ከራስጌዋ ዝቅ አድርጌ አስገባዋለሁ። የቅንድቧ ጥላ ዓይኗን ይሞላዋል፣ የጉንጯ አጥንት ይወጣል። ደረቷን ደግሞ በጥቁር ጨርቅ እጋርደዋለሁ፤ ዝቅ ብሎ የመጣ ብርሃን ትንሿን ትንፋሽ ሳይቀር ያሳብቃልና።

ብርሃን ፊትን ማስረጀትም ይችላል። ባቫ ከ«ብላክ ሰንደይ» በፊት፣ በ1957 ለእይታ በበቃው የሪካርዶ ፍሬዳ «ኢ ቫምፒሪ» ላይ ካሜራማን ሳለ፣ ተዋናይዋን ጃና ማሪያ ካናሌን ሾቱን ሳይቆርጥ ዓይናችን እያየ አስረጅቷታል። ዘዴውን የፈጠረው እሱ አይደለም፤ ካሜራማኑ ካርል ስትረስ በ1931ዱ «ዶክተር ጄኪል እና ሚስተር ሃይድ» ላይ ተጠቅሞበታል። የፊቱ መጨማደድ በቀይ ቀለም ይሳላል። ብርሃኑ ቀይ ሲሆን ቆዳውም መስመሩም ቀዩን እኩል ስለሚመልሱ በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ መስመሩ አይታይም። ብርሃኑ ቀስ እያለ ወደ አረንጓዴ ሲሄድ ቀዩ ቀለም ብርሃኑን ይውጠዋል፣ መስመሩ ይጠቁራል፣ ፊቱ ያረጃል። ወደኋላ ብትመልሰው ልጅ ትሆናለች።

ዛሬ በኤልኢዲ መብራት ይህን መሥራት ይቀላል። ሁለቱም ቀለም ከአንድ መብራት ስለሚወጣ የአፍንጫ ጥላ አይንቀሳቀስም። ሁለት መብራት ጎን ለጎን አቁመህ አንዱን ስታበራ ሌላውን ስታጠፋ ግን ጥላው ይዘላል፣ ተመልካቹም ይነቃብሃል። በሌላ በኩል ብዙው ዲጂታል ካሜራ ንጹሕ ቀይ ብርሃን ሥር ከአራት ፒክስል በአንዱ ብቻ ነው በደንብ የሚያየው፤ ምስሉ ይለሰልሳል። ለሬሳ ፊት ግን ይህ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም።

በእኛ ተዋንያን ቆዳ ላይ ሒሳቡ ይለያል። ጠይም ቆዳ አረንጓዴን ትንሽ ነው የሚመልሰው፤ ስለዚህ አረንጓዴው ከቀዩ በጣም ካልበረታ መስመሩ ብቻ ሳይሆን ፊቷ በሙሉ ይጠቁራል፣ እርጅናው ቀርቶ መብራት የጠፋ ይመስላል። ደማቅ ቀይ ቀለምም አይሆንም፤ በቀዩ ብርሃን ከቆዳዋ በላይ ይፈካና መስመሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሜካፕ የምትሠራዋ ልጅ ቡና ዓይነት ቀለም እየቀላቀለች፣ እኔ በጥቁርና ነጭ ሞኒተር እያየሁ፣ በቀዩ ብርሃን መስመሩ እስኪጠፋ ድረስ መሞከር ነው ያለው። መጠቆሩን ደግሞ በአረንጓዴው እናየዋለን። ሁለቱን የሚያስታርቅ ቀለም ለእያንዳንዷ ተዋናይ ለየብቻ ይገኛል።

የባቫን ፊልም አሜሪካ ውስጥ ያከፋፈለው ድርጅት ንግግሩን እንደገና አስቀድቶ፣ ሙዚቃውን በሌስ ባክስተር ድርሰት ተክቶ፣ ከምስሉም ቆራርጦ ነበር ያሳየው። መብራቱ ግን ፊቷ ላይ ተቀርጾ ስላለቀ የሚነካው አልነበረም። ዳይሬክተሮች «ለምን ትደክማለህ፣ ኮምፒውተር ላይ እናስረጃታለን» ሲሉኝ ይህንን እነግራቸዋለሁ። ሌላም ምክንያት አለኝ። ቀዩ ሲደበዝዝ ተዋናይዋ በተጨፈነ ዓይኗ ቆብ ውስጥ ይታወቃታል፣ የመንጋጋዋን መላላት ከሱ ጋር ታስማማለች። መብራቱን የሚያደበዝዘውን ዲመር የሚይዘው ልጅ ደግሞ ሞኒተሩን ትቶ መንጋጋዋን እንዲያይ አዝዘዋለሁ፤ ስትጀምር ይጀምራል።