ፎርማት የማይፈውሰው ብልሽት

በቆላማዋ የዲመካ ከተማ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው ወደ ጠጋኝ ሲመጣ ምርመራውንም መድኃኒቱንም ራሱ ወስኖ ነው። «አስቸግሮኛል፣ ፎርማት አድርግልኝ» ይላል። መምህሩም፣ የጤና ባለሙያውም፣ የግብርና ባለሙያውም፣ አስጎብኚውም የሚሉት ይህንኑ ነው። ጠጋኙም ብዙ ጊዜ አይከራከርም፤ ፎርማት ማድረግ ከመመርመር ይቀላል፣ ክፍያውም የታወቀ ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል፣ ማሽኑ ፈጠን ፈጠን እያለ ወደ ቤቱ ይገባል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ሰማያዊ የስህተት ገጽ ተመልሶ ከች ይላል።

በዚህ ሙያ ስቆይ የያዝኩት እምነት አጭር ነው። አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ የጠፋ ስህተት ከየትም ሊመጣ ይችላል፤ ፎርማት ተደርጎም የተመለሰ ስህተት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሶፍትዌሩ ውጭ ነው። የቆላ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ትኩሳቱ ከወረደ በኋላም ጉበት ውስጥ አድፍጦ ይቆይና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና ይነሣል። ስለዚህ ሐኪሙ ትኩሳቱን በማብረድ ብቻ አያበቃም፣ ጉበት ውስጥ ያለውንም የሚያጠፋ መድኃኒት ይጨምራል። ፎርማት የሚያበርደው ትኩሳቱን ነው።

ታዲያ ያደፈጠው እንዴት ይገኛል? «ምን ሆነ?» ከሚለው ይልቅ «መቼ?» የሚለው ጥያቄ ሩቅ ያደርሳል። አንድ መምህር ማሽናቸውን ይዘው ሲመጡ «መምህር፣ የሚያስቸግርዎት መቼ መቼ ነው?» አልኳቸው። «ምን አውቄ፣ ሲያሰኘው ነዋ!» አሉ። ጥያቄውን ዘረዘርኩት፦ ጠዋት ነው ከሰዓት? ፊልም ሲያዩ ነው ጽሑፍ ሲጽፉ? መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው? ልጆቹ ፍላሽ ሲሰኩ ነው? ትንሽ አሰቡና «ከሰዓት ነው፣ የፈተና ውጤት ስደምር። ጠዋት ነክቶትም አያውቅ» አሉኝ። የቆርቆሮ ጣሪያ ከሰዓት እንዴት እንደሚግል ለዲመካ ሰው አይነገርም። የምርመራው ግማሽ ካውያው ሳይወጣ አለቀ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ባለቤቱ የሚያውቀውን እንዲናገር መርዳት የሙያው አካል ነው።

እዚህ ላይ የእኛ አካባቢ የራሱ ፈተና አለው። ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ነፋሻማ ከተማ ናት፤ ዲመካ ደግሞ ቆላ ነው። ዲመካ ላይ በየቀኑ የሚያስቸግር ኮምፒውተር በመኪና ተጭኖ፣ በቀይ አፈር ከተማ በኩል አልፎ ጂንካ ሱቅ ሲደርስ ቀኑን ሙሉ እንከን የለሽ ሆኖ ይውላል። «ምንም አልሆነ» ተብሎ ይመለሳል። ባለቤቱ ዋሽቷል? አልዋሸም። ብልሽቱን የሚቀሰቅሰው ሙቀት እዚያው ቀርቶ ነው። ስለዚህ ከቆላ የመጣን ማሽን ክዳኑን ዘግቶ፣ ከባድ ሥራ ሰጥቶ፣ ሙቀቱን እየለኩ ማየት ያስፈልጋል፤ ካልሆነም እዚያው ቤቱ ድረስ ሄዶ ማየት ነው።

ክዳኑ ሲከፈት አብዛኛው ነገር በዓይን ይታያል። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች መሐል አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል፣ ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው የሚገናኙበት ፔስት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አቧራው በብሎወር ሲነፋ ፋኑን በጣት መያዝ ይገባል፤ ከመጠን በላይ ከዞረ ኩሽኔታው ይጎዳል። ቀጥሎ ካፓሲተሮቹ ይታያሉ። ከ1999 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ገደማ ከተሠሩ ማዘርቦርዶች ብዙዎቹ ጥራቱ የወረደ ካፓሲተር ተገጥሞላቸው በዓለም ዙሪያ ችግር ፈጥረዋል። አናቱ ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያንጠባጠበ ካፓሲተር ያለው ማሽን አሥር ጊዜ ፎርማት ቢደረግ አይድንም። በሙያው የታወቀ ስሌት አለ፦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የካፓሲተር ዕድሜ በግምት በግማሽ ያጥራል። ቆላ ያለ ኮምፒውተር ፈጥኖ የሚያረጅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በዓይን ያልታየው በማሽኑ በራሱ መዝገብ ይፈለጋል። ሰማያዊው ገጽ ሳይነበብ የሚጠፋው ዊንዶውስ ራሱን ወዲያው እንዲያስነሣ ስለተደረገ ነው፤ ያን ቅንብር ማጥፋት ይቻላል። ከዚያ ቁጥሩ ይነበባል። 24 ወደ ሃርድ ዲስኩ የፋይል አደረጃጀት ያመለክታል። 50 በአብዛኛው ራምን ወይም ድራይቨርን ያስጠረጥራል። 124 ሃርድዌሩ ራሱ ያሰማው አቤቱታ ነው፤ ሙቀት፣ ፓወር ሰፕላይ ወይም ፕሮሰሰር ሊሆን ይችላል። ኢቨንት ቪውወር የተባለው መዝገብ ውስጥ ደግሞ ቁጥር 41 ተደጋግሞ ይገኛል። ብዙ ጀማሪ ይህን ምክንያት አድርጎ ይዞት ይሮጣል፤ 41 ግን የሚለው «በወጉ ሳልዘጋ ጠፋሁ» ብቻ ነው። ለምን እንደጠፋ አይናገርም።

ዲስክ ከተጠረጠረ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ፋይል መገልበጥ፣ ቀጥሎ መመርመር፣ ጥገና መጨረሻ ላይ። ሊሞት የተቃረበ ዲስክ ላይ ቼክዲስክ የተባለውን የዊንዶውስ መጠገኛ ማስኬድ የቀረውን ሊጨርሰው ይችላል። ዲስኩ ስለራሱ በሚይዘው የጤና መዝገብ ላይ 5፣ 197 እና 198 ቁጥሮች ከፍ እያሉ ከሄዱ ዲስኩ እየሞተ ነው። 199 ብቻውን ከጨመረ ግን ጥፋቱ በአብዛኛው የኬብሉ ነው፤ ኬብል ቀይሮ ማየት ዲስክ ከመግዛት ይቀድማል። ራም ከሆነ ደግሞ ነቅሎ ወርቅማ ጥርሶቹን በላጲስ ቀስ አድርጎ መጥረግ፣ ከዚያም አንድ በአንድ እዚያው ሶኬት ላይ እየሰኩ ሜምቴስት በተባለው ፕሮግራም መፈተን ነው።

ሁለት ነገር ባንዴ የቀየረ ጠጋኝ የትኛው እንደፈወሰው አያውቅም፤ ብልሽቱ ሲመለስም ከዜሮ ይጀምራል። አንድ ነገር ይቀየራል፣ ማሽኑ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ባለቤቱ ይከታተላል። የዲመካ ገበያ ማክሰኞና ቅዳሜ መሆኑ ለዚህ ይመቻል፤ ቅዳሜ የወሰደ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ የሳምንቱን ወሬ ይዞ ይመጣል።

ከሁሉም የሚያስቆጨኝ የባትሪው ነገር ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ሲአር 2032 የሚባል ሳንቲም የሚያክል የ3 ቮልት ባትሪ አለ። ሲያልቅ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ኢንተርኔት ሲከፈትም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይላል። ባለቤቱ ቀኑን ያስተካክላል፤ ግን በእኛ አቆጣጠር። ለምሳሌ በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ወር ማሽኑ ይጠብቅ የነበረው 2025ን ነው፤ 2017 ብሎ የሞላለት ሰው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ጎተተው። የድረ ገጾቹ የምስክር ወረቀት ገና ስላልተወለደ ብራውዘሩ አልቀበልም ይላል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ ጠዋት 2 ሰዓትን 2 ብሎ ከሞሉት ማሽኑ ሌሊት ላይ ነው።

ጣጣው በዚህ አያበቃም። ባትሪው ሲሞት ባዮስ በተባለው የማሽኑ ማስነሻ ፕሮግራም ውስጥ ያሉ ቅንብሮችም ወደ ፋብሪካ ሁኔታቸው ይመለሳሉ። በአንዳንድ ማሽን ላይ የዲስኩ አሠራር ይለወጥና ዊንዶውስ 7ቢ በሚል ስህተት አልነሣም ይላል። ዲስኩ ጤነኛ፣ ዊንዶውሱ ጤነኛ፣ ፋይሉ በሙሉ በቦታው። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ ለአንዲት ባትሪ ብሎ የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ፎቶ ይጠርጋል።

ፎርማት ያለ ዋጋ እንደማይደረግም ይታወቅ። በፓወር ግዕዝ የቆዩ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ እንደገና ካልተጫነ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል፤ ባለቤቱ ቫይረስ በላብኝ ብሎ ይደነግጣል። ፍላሽ ላይ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ሲታይም እንዲሁ ነው፤ ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉን ደበቀው እንጂ አላጠፋውም። ማጽዳት ያለበት ፍላሹ ጭምር ነው፤ ያለበለዚያ የታከመው ኮምፒውተር ማታውኑ እንደገና ይያዛል።

መብራትን በሚመለከት የምመክረው ቀላል ነው። መብራት እንደመጣ ወዲያው አያብሩ፣ ጥቂት ደቂቃ ይታገሱ፤ ሲመለስ ከ220 ቮልት በላይ ዘሎ ሊመጣ ይችላል። ከተቻለ ስታብላይዘር ወይም ዩፒኤስ ይኑር። ጠጋኝ የሆነ ሰው ደግሞ ቴስተሩን ያንሣ፦ ማሽኑ እየሠራ የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 በታች፣ የ5 ቮልቱ ከ4.75 በታች ከወረደ ጥፋተኛው ፓወር ሰፕላዩ ነው።

የማያዋጣም ጥገና አለ። ካፓሲተሩ ያበጠ፣ ዲስኩ የሚሞት፣ ራሙ የማይገኝ ማሽን ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አልመክርም፤ ፋይሉን ገልብጦ ማሰናበት ይሻላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ በጥር 2020፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል፤ እነዚህ የተጫኑበት አሮጌ ማሽን ለጽሑፍና ለፎቶ ይበቃል፣ የባንክ ሥራ ግን ባይሠራበት ይመረጣል።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ኮምፒውተርዎ በሚቀጥለው ጊዜ ሲያስቸግር ወረቀት ያንሡና ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ስንት ሰዓት እንደነበር፣ ምን እየሠሩ እንደነበር፣ ገጹ ላይ የወጣውን ቁጥር። ያን ወረቀት ሳያነብ ፎርማት ላድርግ ለሚል ጠጋኝ ማሽንዎን አይስጡ።